ቦርዱን ቅዳው፣ ስሙን ግን ተወው

ቴሌግራም ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው «ኦርጅናል አርዱዪኖ ገብቷል» የሚል ማስታወቂያ ማየቱ አይቀርም። ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው። ፎቶውን ስታጎሉት መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ቦርድ ትታያለች። ስትገለበጥ ጀርባዋ ላይ የጣሊያን ካርታ አለ፤ ጣሊያን ውስጥ ተሠራች የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አለ። ዋጋውን ስትሰሙ ግን ከጣሊያን እንዳልመጣች ይገባችኋል። ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ይጠረጥራል፤ ሁለቱም ዝም ተባብለው ይገበያያሉ።

ይህ ሻጭ ጥፋት ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ብዙ ሰው «ያው ኮፒ ነው፣ ኮፒ ደግሞ ሌብነት ነው» ይላል። ኢንጂነሪንግ የተማረው ደግሞ «አርዱዪኖ እኮ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ማንም ሠርቶ መሸጥ ይችላል» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። ቦርዱን ሠርቶ መሸጥ ይቻላል፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ስሙን አትሞ መሸጥ ግን አይቻልም። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም፤ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ነገሩ የሳበኝም ለዚሁ ነው፤ ሁሉን ነገር በነፃ ሰጥቶ አንድ ነገር ብቻ የሚቆልፍ ገበያ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ አርዱዪኖ የኮምፒውተር ታናሽ ወንድም በሉት። ፕሮግራም በገመድ ትጭኑበታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ከሴንሰር እያነበበ ሞተር ያዞራል፣ መብራት ያበራል። የአፈር እርጥበት አይቶ ውኃ የሚከፍት መሣሪያ፣ ሰው ሲቀርብ የሚከፈት በር፣ መሰናክል ሲያይ የሚዞር ትንሽ መኪና፤ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት ኤግዚቢሽን ላይ የቆመ ሰው እነዚህን አይቷል። አብዛኞቹ ውስጥ ይህ ቦርድ ወይም አምሳያው አለ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ተቋም ነው። ማሲሞ ባንዚ፣ ዴቪድ ኳርቲዬስ፣ ቶም አይጎ፣ ጃንሉካ ማርቲኖና ዴቪድ ሜሊስ የሚባሉ አምስት ሰዎች ለኤሌክትሮኒክስ አዲስ የሆኑ የዲዛይን ተማሪዎች የሚችሉት ርካሽ ቦርድ ፈለጉ። ከባዶም አልተነሡም፤ እዚያው ተቋም ኸርናንዶ ባራጋን የሚባል የኮሎምቢያ ተማሪ በ2003 ለማስተርሱ «ዋይሪንግ» የሚባል ሥርዓት ሠርቶ ነበር፣ እሱ ላይ ነው የቆሙት። ስሙንም ቢሆን የወሰዱት ከሚያዘወትሩት ባር ነው። ባሩ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከ1002 እስከ 1014 በጣሊያን ከነገሠው ከንጉሥ አርዱዪኖ ነው። እንግዲህ በኋላ ፍርድ ቤት ያቆመው ስም መነሻው ሺህ ዓመት ያለፈው ንጉሥና አንድ መጠጥ ቤት ነው።

ሰዎቹ የቦርዱን ሥዕል፣ የመስመሮቹን አቀማመጥ፣ የዕቃ ዝርዝሩን ሁሉ በይፋ ለቀቁ። ፈቃዱ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚባለው ነው፤ ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥ፣ ብቻ የማን ሥራ እንደሆነ ጥቀስ፣ የቀየርከውንም በዚሁ ፈቃድ መልሰህ ልቀቅ ይላል። በ2011 የጸደቀው የክፍት ሃርድዌር የጋራ ትርጓሜም ንግድን አይከለክልም፤ እንዲያውም መሸጥን የሚከለክል ፈቃድ «ክፍት» አይባልም። ስለዚህ ሼንዘን ያለ ፋብሪካ ኡኖ የተባለውን ሞዴል ሠርቶ፣ ኦርጅናሉ ሃያ ምናምን ዶላር ሲሸጥ እሱ ከአሥር ዶላር በታች ቢሸጠው ያ ሌብነት አይደለም። የተጋበዘበትን ግብዣ ነው የበላው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሁሉን ነገር በነፃ የሰጡ ሰዎች ስሙን ለምን ያዙ? ስስት ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ አይደለም። የዶሮ ወጥ አሠራር ባስተምራችሁ የእኔ ዕውቀት አይጎድልም። ሺህ ሰው ቢያውቀውም እኔ የማውቀው ያው ነው። ዲዛይንም እንደዚያ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው የማይቀንስ ሀብት ይባላል። ስም ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ምግብ ቤት በዶሮ ወጡ ስም ካወጣ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ በዚያው ስም ታፔላ ቢሰቅል ስሙ ምንም መናገር ያቆማል። የስም ሥራው መለየት ስለሆነ ሁሉም ሲይዘው ያልቃል። ስለዚህ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መያዝ እርስ በርሱ አይጣላም። ሲካፈል የማያልቀውን ሰጡ፣ ሲካፈል የሚያልቀውን ያዙ።

ሌላም ምክንያት አለ። ፓተንት ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ክፍት ሃርድዌር የሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛው አያወጡም። የቅጂ መብት ደግሞ ሥዕሉን እንጂ ከሥዕሉ የተሠራውን፣ አገልግሎት የሚሰጠውን ዕቃ በደንብ አይዝም። እና በሩ ላይ የቀረው እውነተኛ ቁልፍ የንግድ ምልክት ብቻ ነው።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አለመሆኑን ያሳየው የመሥራቾቹ የራሳቸው ጠብ ነው። በ2008 ቡድኑ አሜሪካ ውስጥ «አርዱዪኖ ኤልኤልሲ» የሚል ድርጅት አቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቦርዶቹን ጣሊያን ውስጥ የሚያመርተው የማርቲኖ ኩባንያ «አርዱዪኖ» የሚለውን ስም ጣሊያን ውስጥ በራሱ ስም አስመዘገበ። ለተወሰኑ ዓመታት ሥራው ቀጠለ። በ2014 መጨረሻ ኩባንያው መጠሪያውን ራሱን ወደ «አርዱዪኖ ኤስአርኤል» ቀየረ፤ በጥር 2015 አሜሪካኖቹ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ሁለት አርዱዪኖዎች፣ ሁለት ድረ ገጾች፣ አንድ ቦርድ።

ልብ በሉ፣ በዲዛይኑ አልተጣሉም። ሊጣሉም አይችሉም ነበር፤ ዲዛይኑን እናንተም እኔም መሥራት እንችላለን። የተካሰሱት በስሙ ብቻ ነው። የንግድ ምልክት ጥበቃ ደግሞ በየአገሩ የታጠረ ስለሆነ ቦርዱን ከፈጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ የነበሩበት ወገን ከአሜሪካ ውጪ በገዛ ስሙ መሸጥ ተቸገረ። መላው? በግንቦት 2015 «ጀኑይኖ» የሚል አዲስ ስም አወጡ። ያው ቦርድ፣ ያው ቺፕ፣ ያው ሰዎች፤ ግን ማንም የማያውቀው ስም። ዲዛይን ያለ ስም ገበያ ላይ ስንት ያወጣል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ ሙከራ አላውቅም። በኦክቶበር 2016 ኒውዮርክ ላይ መታረቃቸውን አወጁ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ግዙፉ የቺፕ ኩባንያ ኳልኮም አርዱዪኖን ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። አንዴ በዚያ ፈቃድ የተለቀቁት ፋይሎች ወደ ኋላ አይሰበሰቡም፣ ዛሬም ማንም በነፃ ያወርዳቸዋል። ታዲያ ኳልኮም በነፃ ሊያገኝ የማይችለው ምን ነበር? ሰዎቹ፣ ማኅበረሰቡ፣ እና ያ የባር ስም።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው የሚለውን እንይ፤ ምክንያቱም «ስሙን አትንካ» ማለት ቃሉን ከአፍህ አታውጣ ማለት አይደለም።

ባንዚ ራሱ በ2013 ባወጣው ጽሑፍ ቦርዶቹን ለያይቷቸዋል። ኦፊሴላዊዎቹ አሉ፣ በስምምነት ስሙን የሚጠቀሙ አሉ፣ ከዲዛይኑ ተነሥተው በራሳቸው ስም አዲስ ነገር የጨመሩ አሉ፣ ከእሱ ጋር ተስማምተው የሚሠሩ አሉ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙንና ምልክቱን ሳይፈቀድላቸው የሚያትሙ አስመሳዮች አሉ። የተናደደው በመጨረሻዎቹ ነው። ሌሎቹን እንዲያውም ያሞግሳል። የአሜሪካው ስፓርክፈን ቦርዱን ቀይ አድርጎ «ሬድቦርድ» ይለዋል፤ አዳፍሩት «ሜትሮ» ይለዋል፤ ሼንዘን ያለው ሲድ ስቱዲዮ «ሲዱዪኖ» ብሎ ሸጧል። «ፍሪዱዪኖ» የሚባል ስምም አለ፤ ማንም እንዲጠቀምበት ሆን ተብሎ ነፃ የተደረገ። ሁሉም ክሎን ናቸው፣ አንዳቸውም ፎርጅድ አይደሉም።

ግን ገዢው ቦርዱ ምን ላይ እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። «ይህ ቦርድ የአርዱዪኖን ፕሮግራም ይቀበላል» ካልተባለ ማን ይገዛዋል? ሕጉም ይህን ያውቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠቀሰው አንድ ታዋቂ ውሳኔ ስለ ቦርድ ሳይሆን ስለ ምላጭ ነው። አንድ የፊንላንድ ኩባንያ የራሱን ምላጭ በራሱ ስም ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ ግን ምላጩ ለጂሌት ሴንሰር እጀታም እንደሚሆን የሚገልጽ ተለጣፊ አለ። ጂሌት ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጋቢት 2005 ፍርድ ቤቱ ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ለሕዝብ ለማስረዳት አስፈላጊ ከሆነና በንግድ ሥራ ሐቀኝነት ካለበት የሌላውን ስም መጥቀስ ይቻላል አለ።

ሐቀኝነት የጎደለው የሚባለውንም ዘረዘረ። በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የንግድ ግንኙነት ያለ ማስመሰል፣ የስሙን ዝና ያላግባብ መጠቀም፣ ስሙን ማዋረድ። አራተኛውን ሳነብ ግን ቆም አልኩ፦ የራስን ዕቃ የባለ ምልክቱ ዕቃ ቅጂ ወይም አምሳያ አድርጎ ማቅረብ። እዩት እንግዲህ። አውሮፓ ውስጥ «ከአርዱዪኖ ጋር የሚሠራ» ብትል ደህና ነህ፤ «የአርዱዪኖ ኮፒ» ብለህ ሐቁን ብትናገር ግን አደጋ ላይ ነህ። ተራ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። «ኮፒ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ማንን አታለልኩ?» ይላል። ሕጉ የሚለው ስለ ዕቃህ ተናገር፣ የምትሠራበትን ግለጽ፣ የሌላውን ስም ግን የዕቃህ መጠሪያ አታድርገው ነው።

የፊደሉ መጠን ሳይቀር ዋጋ አለው። ካርቶኑ ላይ የራስህ ስም በትልቁ፣ «ከአርዱዪኖ ኡኖ ጋር የሚሠራ» በትንሹ፣ በተራ ፊደል ከሆነ መረጃ ነው። ያን ሁለት ክብ የተያያዘበትን፣ መደመርና መቀነስ ያለበትን ምልክት ካተምክ ግን የሰው ፊርማ አስቀምጠሃል። አንድ ጠማማ ነገርም አለ፤ ፈቃዱ የዲዛይኑን ባለቤት ጥቀስ ይላል፣ የንግድ ምልክቱ ደግሞ ስሙን አትጠቀም ይላል። መፍትሔው ቦታውን መለየት ነው። መመሪያው ውስጥ «ዲዛይኑ የእነ እከሌ ነው» ብሎ መጻፍ ግዴታህ ነው፣ ቦርዱ ፊት ላይ መጻፍ ክልክልህ ነው።

መልክም ስም ሊሆን ይችላል። ይህን በራሱ ላይ ያየው ደግሞ ክፍት ሃርድዌር በመሥራት የሚታወቀው ስፓርክፈን ነው። በ2014 ከቻይና ያስመጣቸውን 2,000 ያህል መልቲሜትሮች የአሜሪካ ጉምሩክ ያዘበት። ጥፋቱ? ጥቁር ሆነው ዳራቸው ቢጫ ነው፤ ያ የቀለም አቀማመጥ ደግሞ ፍሉክ የተባለው የመለኪያ ኩባንያ ያስመዘገበው ነው። የ30 ሺህ ዶላር ዕቃ በቢጫ ቀለም ምክንያት ቀረ። ጩኸቱ ሲበዛ ፍሉክ ከዚያ ዋጋ በላይ የሚያወጡ የራሱን መለኪያዎች ለስፓርክፈን ላከለት፣ እነሱም ለትምህርት ሰዎች አደሉት። ደግ መጨረሻ ነው፤ ጉምሩክ የያዘበት ተራ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ስጦታ አይጠብቅ።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ፤ የኔ ጭንቀት የሚያርፈው እዚያ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ በ2001 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋናው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው። በአማካይ ዋጋ ደግሞ ደህና መኪና ያለው አይሸጥም፤ ይወጣል። የሚቀረው ብልሹው ነው። ስም፣ ዋስትና፣ ምልክት የሚባሉት ነገሮች ይህን በሽታ ማስታገሻ ናቸው። ሁሉም ቦርድ ላይ «አርዱዪኖ» ሲታተም መድኃኒቱ ራሱ ተበላሸ ማለት ነው።

በዚህ ገበያ በሽታው ምን ያህል እንደሚያም ያሳየው በኦክቶበር 2014 የሆነው ነገር ነው። ብዙ ቦርዶች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት በአንድ ትንሽ ቺፕ በኩል ነው፤ ታዋቂው ኤፍቲዲአይ የሚባል የስኮትላንድ ኩባንያ የሚሠራው ነበር። ገበያው ውስጥ ስሙ የታተመበት አስመሳይ ቺፕ ሞላ። ኩባንያው ተናደደና በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል አስመሳዩን ቺፕ ሲያገኝ መለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚቀይር ሶፍትዌር ለቀቀ። ቦርዱ በቃ፣ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ቅጣቱ ያረፈው ቺፑን ባስመሰለው ፋብሪካ ላይ ሳይሆን ቦርዱን ገዝቶ ፕሮጀክቱን ሊያስረክብ በተዘጋጀው ተማሪ ላይ ነው። ተጠቃሚው ሲጮህ ሶፍትዌሩ በቀናት ውስጥ ተነሣ። እኔ በበኩሌ ኩባንያው ስሙን የመጠበቅ መብት ነበረው፣ የማያውቅን ሰው ዕቃ የመግደል መብት ግን አልነበረውም ባይ ነኝ።

ያንን ቦታ የወሰደው ማን እንደሆነ ደግሞ ተመልከቱ። ዛሬ ርካሽ ክሎኖች ላይ የምታዩት ሲኤች340 የሚባል ቺፕ ነው። ናንጂንግ የሚገኝ ኩባንያ የሚሠራው፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ሶፍትዌር ያለው። ያው ሥራ ይሠራል፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ማንንም አያስመስልም። በገዛ ስሙ ስለመጣ ማንም ሊገድለው አይችልም። ቦርዱ አልሠራ ሲልህም «የሲኤች340 ድራይቨር ጫን» የሚል መልስ በአምስት ደቂቃ ታገኛለህ። «ኦርጅናል» ተብሎ የተሸጠልህ ተማሪ ግን የሌላውን ድራይቨር ስትጭንና ስታነሣ ትውላለህ። ውሸቱ ጊዜህንም ይበላል።

የኛ ገበያ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ቃል አጥሮታል። መርካቶ ስትገቡ ያለው «ኦርጅናል» እና «ፎርጅድ» ነው። መሐሉ ላይ «ፈርስት ኮፒ» ምናምን የሚባል ደረጃ አለ፣ እሱም ቢሆን የጥሩ ውሸት ደረጃ ነው። በሕግ የተፈቀደ፣ በሐቅ የተሠራ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ክሎን የሚባል ነገር ቃል የለውም። ሻጩ «ኦርጅናል አይደለም» ሲል ገዢው የሚሰማው «ፎርጅድ ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ ሐቀኛው ሻጭ ይከስራል፤ ሌላው ካርታውን አሳትሞ ይሸጣል። አከርሎፍ ስለ መኪና የጻፈው ይኸው በቦርድ መጣ።

በሕግም ቢሆን ነገሩ እኛን አይመለከትም የሚል ካለ ተሳስቷል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያስመዘገበውን ሰው ለሰባት ዓመት፣ ሲታደስ ደግሞ ለሌላ ሰባት ዓመት ይጠብቃል። አንድ የውጭ ስም እዚህ ባይመዘገብ እንኳ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ የአንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር የሚያምታታ ድርጊትን ይከለክላል። ያ ሕግ የቆመው ለጣሊያኖቹ ብሎ ብቻ ሳይሆን ለገዢውም ብሎ ነው።

ደግሞ እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ክርክሩ ጋዜጣ ሞላ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ። የቡና ዘር ከዚህ አገር ከወጣ ዘመናት ሆኖታል፣ ማንም አይመልሰውም፤ ብራዚልም ቬትናምም ያበቅሉታል። እኛ የጠየቅነው ስሙን ነው። ያን ጊዜ «ስማችንን» ብለን የጮኽን ሰዎች ዛሬ የሌላውን ስም ሰማያዊ ቦርድ ላይ ስናይ «ያው ኮፒ ነው፣ ምን አለበት?» ማለታችን አይጥመኝም።

ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት አንድ ጓደኛዬ ጋ ነገሩ ስለገባ ነው። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ከቻይና ቦርድና ሴንሰር እያስመጣ፣ ለተማሪዎች በጥቅል እያዘጋጀ መሸጥ ጀመረ። ጥቅሉ ውስጥ በአማርኛ የጻፈው መመሪያ አለ፤ እኔ እንኳ ተከትዬው መብራት አብርቻለሁ። የሚያስመጣቸው ቦርዶች ምንም ስም ያልታተመባቸው ናቸው። ለጥቅሉ የራሱን ስም አውጥቶለታል፣ አርማም አለው። ጥያቄው የነበረው ካርቶኑ ላይ ምን ይጻፍ የሚል ነው።

«አርዱዪኖ ካላልኩ ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

«በለው እንጂ፣ ግን ከስምህ በታች በለው» አልኩት።

«በታች ያለውን ማን ያነባል ባክህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ «ከአርዱዪኖ ኡኖ ጋር የሚሠራ» ብሎ አሳተመው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ኤቲሜጋ328ፒ እና ሲኤች340 የሚሉትን የቺፖቹን ስሞች ጨመረ፣ ድራይቨሩን ከየት እንደሚያወርዱም። ተማሪዎቹ ወደዱት። ችግሩ የመጣው ከትልቁ ገዢ ነው።

አንድ የግል ትምህርት ቤት ፕሮፎርማ ጠየቀው። ወረቀቱ የሚለው «አርዱዪኖ ኡኖ፣ ብዛት 40» ነው። ሌላ የለም። «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው የታወቀ የግዥ ሐረግ እንኳ አልተጨመረም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው የጻፈው ስሙን የሚያውቀውን ነው፤ ለእሱ አርዱዪኖ ማለት እንዲህ ያለ ቦርድ ሁሉ ነው፣ ልክ ኦሞ ማለት የልብስ ሳሙና ሁሉ እንደሆነው። ግን ሦስት ሻጭ ይወዳደራል። አንዱ ካርታ ያለበትን አስመሳይ «አርዱዪኖ ኡኖ» ብሎ በርካሽ ያቀርባል። አንዱ እውነተኛውን በውድ ያቀርባል። ጓደኛዬ ደግሞ ሐቁን ከጻፈ ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም ተብሎ ሊጣል ይችላል። ዋሾው ርካሽም ነው፣ ወረቀቱንም ያሟላል። ፕሮፎርማውን የሚያወጣ ክፍል አንድ ሐረግ ቢጨምር፣ ወይም ከስሙ ይልቅ የቺፑን ዓይነትና የመሰኪያዎቹን ብዛት ቢጽፍ፣ ሐቀኛውም በሩ ይከፈትለት ነበር።

ጓደኛዬ ሁለት መስመር ጽፎ አስገባ። የመጀመሪያው «አርዱዪኖ ኡኖ፣ የጣሊያን፣ በትእዛዝ» ከነውድ ዋጋው። ሁለተኛው «ከአርዱዪኖ ኡኖ ጋር የሚሠራ ቦርድ፣ በእጃችን ያለ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና» ከሩብ በማይበልጥ ዋጋ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ግዥ ኃላፊ ደወሉለት። የጠየቁት ስለ ዋጋው አልነበረም። «ልጄ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ከሠሩ ሁለተኛውን ለምን አርዱዪኖ አላልከውም?» ነው ያሉት። እሱም «ጊዜ ካለዎት መጥቼ ላስረዳዎት» ብሏቸው ሁለቱንም ቦርድ ይዞ ለማክሰኞ ቀጠሮ ወስዷል።